ድመቷ አይደለችም

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ አልጋቸው ላይ ተንጋለው፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦ፣ ሞተው ተገኙ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ባለቤታቸው በየሐሙሱ ለጉልበታቸው ሕክምና ማለዳ ወጥተው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚመለሱት። የዚያን ዕለትም የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርገው፣

«ምነው ሰውዬ፣ በቀን መተኛት ከየት መጣ?» አሉ።

ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርጉት ሰውየው ከነኮታቸው፣ ከነጫማቸው ነበሩ። አፈር የነካ ጫማ ሳሎን እንዳይገባ ሲቆጡ የኖሩ ሰው፣ ከነጫማቸው አንሶላ ላይ! አሮጊቷ የጮኹት እጃቸውን ነክተው ቅዝቃዜው ከተሰማቸው በኋላ ነው።

የሰፈሩ ሐኪም «የልብ ሕመም» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶ አውጥቶ ነበር። ግን የሟቹን ዓይን ከፍቶ መቅላቱን፣ ከንፈራቸውንና የአፍንጫቸውን ውስጥ አይቶ መላጡን ሲያስተውል እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ይህን እኔ አልፈርምበትም» አለና ፖሊስ ጠራ።

የመጣችው መርማሪ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ «ለምን» በሚል ቅጽል ትታወቃለች። ጥያቄዋ ሁሉ በዚያች ቃል ስለሚያልቅ ነው። የዚያን ቀን ጉንፋን አፍንጫዋን እንደ ግንብ ደፍኖባት፣ መሐረብ በእጇ ይዛ ከአንድ ጡረታው የደረሰ ሳጅን ጋር ገባች።

«ሳጅን፣ ዛሬ ምንም አይሸተኝም። አፍንጫዬ እርስዎ ነዎት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ማዕረጌ አፍንጫ ሆኖ ይቅር?» አሉ ሳጅኑ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተቀየረ። «ከጓሮ ይመጣል። የድመት ሽንት ነው የሚመስለው፤ ግን ዓይን ያቃጥላል።»

ሳሎኑ ውስጥ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አንድ የግድግዳ ሰዓት ተፈታትቶ ተዘርግቷል። ከትልቁ ጥርስ እስከ ትንሿ ብሎን፣ በመጠን በመጠን፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ይህን ማን ፈታው እማማ?»

«እሱ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና። ሌላ ማን ሰዓት ይፈታል?» አሉ አሮጊቷ።

«ጠዋት ሲወጡ ይሠራ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ሲደውል ሰምቼ ነው የወጣሁት። ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። እሱም በየሐሙሱ ጓደኛው ሱቅ ሄዶ ሰዓት ያግዘው ነበር። ዛሬ ግን "አልሄድም፣ የማየው ነገር አለኝ" አለኝ። ምኑን ነው የምታየው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ።» ነጠላቸውን ጎትተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «የልጅ ልጄ ደግሞ ፈተና ስላለባት ነው የከሳችው። ሌላ ነገር የለባትም» አሉ።

መርማሪዋ ቀና አለች። «ከስታለች ብዬ ጠየቅኩዎት እማማ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። ለምን እንዲህ እንዳሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልክ ባላቸውን ሞተው ካገኟቸው በኋላ፣ ፖሊስ ሳይመጣ፣ የሚጣ ቦርሳ ወድቆ አግኝተው ሲያነሱት አንድ ፌስታል ሙሉ የመድኃኒት ፓኬት ከውስጡ ተንሸራተተ። ሚጣ የሟቹ የልጅ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፤ አባቷ በልጅነቷ ሞቶ እዚህ ቤት ያደገች። ሁለት ወር ሆናት እህል ከጠላችና እንቅልፍ ከራቃት። አሮጊቷ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ፣ ልባቸው የነገራቸውን ብቻ አምነው ፌስታሉን ዱቄት ዕቃው ውስጥ ቀበሩት። የልጅ ልጃቸው ባላቸውን እንደገደለች ለማመን አንጀታቸው እንቢ ቢልም፣ እጃቸው ግን ደብቆ ነበር።

«ስለ ድመቷ ይንገሩኝ» አለች መርማሪዋ።

«ነበረችን። ቤቱን በሽንቷ አገማችው ተብሎ ከሦስት ወር በፊት ልጄ በጆንያ አድርጎ ሩቅ ወስዶ ጣላት። ሚጣ ሳምንት አለቀሰች።»

«ሽታው ግን ዛሬም አለ። ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግድግዳው ጠጥቶት ይሆናል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐሙስ ሐሙስ ከሕክምና ስመለስ ነው የሚብሰው።»

ሳጅኑ ጢማቸውን ዳበሱ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቻለሁ። ድመቷ ስትመታ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

ጓሮው ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ። በአንደኛው ተከራይ ቀለም ቀቢ ይኖራል። ሁለተኛው አሮጌ መጋዘን ነው፤ በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቱ በዚያ ሙቀት ከውስጥ በሚያብለጨልጭ ብርማ ወረቀት ተሸፍኗል። ከመስኮቱ ሥር የተተከለው ጽጌረዳ በወዲያኛው ጎኑ ለምለም ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ግን ቅጠሉ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል። ሳጅኑ ወደ በሩ ሲጠጉ መርማሪዋ ክንዳቸውን ያዘች።

«አይክፈቱት። ጭምብልና ልብስ ያላቸው ሰዎች ይምጡ። ውስጡ ያለውን መንካት ቀርቶ መተንፈስም አይገባም።»

ቀለም ቀቢው ዓይኑ ቀልቷል፤ የእጁ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ልብሱ ከሩቅ ይሸታል። መርማሪዋን ሲያይ አስቀድሞ እጁን ዘረጋ።

«ያው ማሰሪያውን አምጡት። ሰፈሩ ሁሉ እኔ ነኝ ብሏል።»

«ነዎት?»

«እመቤቴ፣ ይህ እጅ በቀለም ማቅጠኛ፣ በአኳራጅ ያለቀ እጅ ነው። አኳራጅ የሸተተው ሰው አኳራጅ ሸተተኝ ይላል፤ የድመት ሽንት አይልም። ዛሬ ከጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ አምስት ሰው መሰላል ሲይዝልኝ።»

«መጋዘኑ ውስጥ ማን እንደሚገባ አይተዋል?»

ቀለም ቀቢው መሬት አየ። «ተከራይ ዓይን የለውም።»

«ጆሮስ?»

«ጆሮ አለው። በር በቀስታ ሲከፈት፣ አየር ማውጫ ሲንጎራጎር ይሰማል። ከዚህ በላይ ካወራሁ ዕቃዬን ሜዳ ላይ ነው የማገኘው።»

ሚጣ የመጣችው ከፈተና አዳራሽ ነው፤ ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ፊርማዋ እዚያ አለ። ለቅሶው ዓይኗን አሳብጦታል፤ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነው። መርማሪዋ ብዙ አልጠየቀቻትም። አስነጠሰችና፣

«ሚጣዬ፣ የጉንፋን መድኃኒት ታገኚልኝ?» አለቻት።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ... የለኝም። አላውቅም።» አያትየው ከበስተኋላ ቆመው ጣቶቻቸውን ይጨብጡ ጀመር።

መርማሪዋ የምሯን ነበርና ሳጅኑን ወደ ጥግ ፋርማሲ ላከቻቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «የለም አለኝ፤ እሱ ጋ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ሁሉ ያልቃል። "ያቺ ተማሪዋ ልጅ ናት የምትወስደው። ቤተሰቡ በሙሉ ጉንፋን ይዞታል ትላለች" ነው የሚለው ፋርማሲስቱ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ ከሳች፣ አትተኛም፣ መድኃኒት ትሰበስባለች። አለቃ፣ እኔ ባልፈልግም ነገሩ ወደ እሷ ነው የሚሄደው።»

«ከሁለት እስከ ሰባት ሰዓት ፈተና ላይ ነበረች።»

«በወንጀሉ እጁ ያለበት ሰው ሁሉ የግድ ሞቱ ቦታ ላይ ይገኛል ማለት አይደለም።»

መርማሪዋ መሐረቧን አጣጠፈች። ይህ እውነት መሆኑን ታውቃለች።

የመጨረሻው ሰው የአሮጊቷ ልጅ፣ የሚጣ አጎት ነው። ሥራው መሬት መለካት ስለሆነ ሁሉም ቀያሹ ይለዋል። ጨዋ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓው የተቆለፈ፣ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር ያደረገ ነው። ሲናገር አፉን በእጁ ጀርባ ይሸፍናል።

«የእኔ ልጅ ትጉህ ነው» ብለው ነበር እናቱ አስቀድመው። «እንቅልፍ አያውቅም። ሁለት ሦስት ቀን ሳይተኛ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ምግብም ትዝ አይለው።»

«ዛሬ የት ነበሩ?» አለችው መርማሪዋ።

«መስክ። ሥራ ላይ። ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ፣ መጣሁ። አባባ ልባቸው ደካማ ነበር፣ እኔ ሁልጊዜ እላቸው ነበር፣ ዕረፍት ያድርጉ እላቸው ነበር።» ቃላቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፤ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«አባባ ዘንድ ነበር። ጠፍቷል። ቀለም ቀቢውን ብትጠይቁ ይሻላል፤ የእሱ ክፍል የቀለም ሽታ የታጨቀበት ነው።»

«የጉንፋን መድኃኒት ቤት ውስጥ ይኖር ይሆን? ሞቼ ነው ያለሁት።»

«እዚህ ቤት ጉንፋን የያዘው የለም። መድኃኒትም የለም።»

ይህን ሲል የመርማሪዋን እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አንስቶ ነበር። ሳያስበው ፈታው፤ ቱቦውን፣ ቀለሙን፣ ክዳኑን፣ ስፕሪንጉን። ሲሄድ እሷ እስክሪብቶዋን አላነሳችም። ቁራጮቹን እያየች ቆየችና ሳጅኑን ሁለት ቦታ ስልክ እንዲደውሉ አዘዘቻቸው፤ አንዱ የቀያሹ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው የሟቹ ጓደኛ የሰዓት ሱቅ።

በማግስቱ አርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ቀለም ቀቢው በሩ አጠገብ ቆመ። ሚጣ አያቷ ጎን ተቀመጠች። ቀያሹ መስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ሌሊቱን ቤቱን ሲጠርግ አድሮ ወለሉ ያበራል። የተፈታታው ሰዓት እንደነበረ ነው።

«ለአራት ሰው ይህን ያህል ስብሰባ» አለ ቀያሹ።

«አጭር ነው» አለች መርማሪዋ። «መጋዘኑ ዛሬ ንጋት ላይ ተከፈተ። ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ናቸው የገቡት። የቆሸሹ ብርጭቆዎች፣ ቱቦዎች፣ የኬሚካል ጀሪካኖች አገኙ። እዚያ ውስጥ ሜታምፌታሚን የሚባል ዕፅ ይሠራ ነበር። መንገድ ላይ በረዶ ይሉታል። ያ የድመት ሽንት የመሰላችሁ የእሱ ሽታ ነው። ጽጌረዳውን ያቃጠለው፣ የሟቹን ሳንባ ያቃጠለውም እሱ ነው።»

«ወይኔ» አሉ አሮጊቷ በቀስታ። «ድመቷን።»

«አባባ ግን አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት» አለ ቀያሹ።

«አልጋቸው ላይ ነው የተገኙት። የመጋዘኑ በር መቆለፊያ በውስጥ በኩል በአራት ብሎኖች የታሰረ ነው። ሦስቱ ተፈተዋል። አራተኛው ላይ የአንዲት ቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ተሰብሮ ቀርቷል።» ከኪሷ የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች። «ሟቹ በኮት ኪሳቸው አምስት የሰዓት ካቻቢቴ ነበራቸው። የአንዷ ጫፍ የለም። ተቆልፎባቸው፣ በዚያ ጭስ ውስጥ፣ በሰዓት ካቻቢቴ የበር ብሎን ሲፈቱ ነበር። አንድ ብሎን ቀርቷቸው ነበር።»

ሚጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ማን ቆለፈባቸው ነው ጥያቄው። ይህን ሰዓት እዩት። እማማ ሁለት ሰዓት ላይ ሲወጡ ይሠራ ነበር፤ ስድስት ተኩል ሲመለሱ ተፈቷል። ሟቹ እንደፈቱት ሁላችሁም አመናችሁ። ጓደኛቸውን ጠየቅን። ሰዓት ሠሪ የፈታውን በአወጣጡ ነው የሚያስቀምጠው፤ መጀመሪያ የወጣው መጨረሻ ይገባልና። በመጠን የደረደረ ሰው መልሶ ሊገጥመው አይችልም። ይህን የፈታው ሰው ሊጠግነው አልነበረም። እጁ ማረፍ አቅቶት ነበር። ትናንት የእኔን እስክሪብቶም እንዲሁ ደረደረልኝ፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ሬዲዮኑም» አሉ። «የውሃ ፓምፑም። የሚጣ የጽሕፈት መብራትም። ሁሉንም ፈታሃቸው፣ አንዱንም አልገጠምክ። እኔ ሥራ ወዳድ ነው ብዬ ለጎረቤት ሳወራ።»

«እማዬ፣ ዝም በይ።»

«እማማ፣ እርስዎ ትጋት ያሉት የዕፁ ምልክት ነው» አለች መርማሪዋ። «ሌት ተቀን አለመተኛት፣ እህል መርሳት፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ማለቂያ የሌለው መፍታትና መጥረግ። አፉን የሚሸፍነው ጥርሱ ስላለቀ ነው። እጅጌውን የቆለፈውም ክንዱን ቧጭሮ ስላቆሰለው ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቱንም ጠይቀናል። በየሐሙሱ ፈቃድ ይወስዳል፤ እናቱን ለጉልበት ሕክምና ሊያደርስ።»

«እኔን?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ በአውቶቡስ አይደል የምሄደው?»

ቀያሹ ተነሳ። መነጽሩን ሲያወልቀው የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኖ ታየ። «ሚጣን ጠይቋታ! መድኃኒቱን ከየፋርማሲው የምትለቅመው እሷ አይደለችም? እሷ ናት የምትሠራው!»

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተጠጉ።

«ትናንት እዚህ ቤት መድኃኒት የለም ብለውኝ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ዛሬም እስካሁን ይህ ዕፅ ከጉንፋን መድኃኒት እንደሚሠራ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ግን እውነት ነው፣ የገዛችው ሚጣ ናት። ፋርማሲስቱም ይመሰክራል። ለማን እንደገዛች ካልተናገረች ይህ ነገር እሷ ላይ ይወድቃል።»

ሚጣ አጎቷን አየችው። በልጅነቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ወዲያው ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች።

መርማሪዋ ወደ አሮጊቷ ዞረች፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። «እማማ፣ ትናንት የደበቁትን ያምጡልኝ።»

«ምንም አልደበቅኩም፣ ልጄ።»

«ልጅቷን ሊያድኗት ፈልገው ነው። አሁን ግን የሚያድናት ማውጣቱ ነው። ቢያምኑኝ።»

አሮጊቷ የታመመ ጉልበታቸውን ደግፈው ከወንበራቸው ተነሱ። ሚጣን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። አንዱን ቢያወጡ ሌላው ይገባል። ወደ ማድቤት ሄደው ዱቄት የለበሰ ፌስታል ይዘው ተመለሱ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መርማሪዋ ፓኬቶቹን አንድ በአንድ አወጣች። ከሥር ለአራት የታጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። ዘረጋችው።

ካርታ ነው። በቀጭን እርሳስ የተሠራ፣ የሰባት ፋርማሲ ቦታ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሜትር የተጻፈ፤ በአንዱ ጥግ የሰሜን ቀስት፤ ከሥሩ መለኪያው።

ቀለም ቀቢው ከበሩ አንገቱን አሰገገና ሳያስበው ፈገግ አለ። «ሰው ፋርማሲ ሲልክ "ከመብራቱ በስተቀኝ ታጠፊ" ይላል። ሰሜንን የሚያሳይ ቀያሽ ብቻ ነው።»

«ተከራይ ዓይን አወጣ» አሉ ሳጅኑ።

«ጋሽዬ ነው የሳለልኝ» አለች ሚጣ፤ አሁን ቃሉ ራሱ ወጣ። «መስክ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ከአንድ ሱቅ ብዙ አይሸጡልሽም፣ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ግዢ አለኝ። ለማንም አትንገሪ አለኝ።»

ቀያሹ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ሲናገር አፉን መሸፈን ረስቶ ነበር፤ የተሸራረፉ ጥርሶቹ ታዩ።

«ገብተው አዩ። ለፖሊስ እናገራለሁ አሉ። እስኪረጋጉ ብዬ ነው የቆለፍኩት። አሥር ደቂቃ ብዬ ነው። እንዳልሰማቸው እጄ የሚይዘው ነገር ፈለገ፣ ሰዓቱን አወረድኩት።» ጠረጴዛውን አየ። «አሥር ደቂቃ ነበር የመሰለኝ። ሰዓቱ ተፈትቶ ነበር። ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።»

«ከዚያ ጸጥ ሲሉ ከፍተው ተሸክመው አስተኟቸው» አለች መርማሪዋ። «ጫማቸውን ማውለቅ ግን ረሱ።»

ሳጅኑ ክንዱን ይዘው አስነሱት። በሩ ላይ ሲደርስ «እማዬ» አለ። አሮጊቷ አልመለሱም፤ ግን ኮቱ ትከሻው ላይ ተጣምሞ ነበርና እጃቸው ሳያስቡት ሄዶ አቃናው።

መርማሪዋ ቤቱ ታጥቦ እስኪጸዳ ማንም እንዳያድርበት አዘዘች። ጥቂት ልብስ ብቻ ይዘው ወጡ። ቀለም ቀቢው ሻንጣቸውን ወደ ውጭ ሲሸከምላቸው አሮጊቷ «ስምህን በየጎረቤቱ ሳጠፋ ከረምኩ፣ ልጄ» አሉት። «እኔም አይቼ ዝም አልኩ፣ እማማ። እንካፈለው» አላቸው።

በመጨረሻ መርማሪዋ የሟቹን የኪስ ሰዓት በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «ጓደኛቸው የነገረኝ ሌላም ነገር አለ። የጠገኑትን ሰዓት ሁሉ በክዳኑ ውስጥ በመርፌ ይጽፉበት ነበር አለኝ፤ ቀኑንና ጥፋቱን። ይክፈቱት።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ክዳኑ ውስጥ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ከተጫጫሩ ጽሑፎች በታች፣ አዲስ ጭረት ያበራ ነበር። ከሞታቸው ሳምንት ቀድሞ የነበረው ሐሙስ ቀን ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ድመቷ አይደለችም» ይላል።

«አንድ ሳምንት ሙሉ ያውቅ ነበር» አሉ። «የማየው ነገር አለኝ ሲለኝ፣ ምን ብዬ አልጠየቅኩትም።»

ሚጣ አጠገባቸው ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። ክንዷን ያዙ፤ በጣታቸው መሃል ቀጥኖ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ብይ፣ ተኚ፣ ምን ሆንሽ፣ ፈተና ነው አይደል እያሉ ጥያቄውንም መልሱንም ራሳቸው ሲናገሩ ከርመዋል።

«ለምንድነው እንቅልፍ ያጣሽው?» አሉ።

ሚጣ የሻንጣውን ማሰሪያ በጣቷ ጠመዘዘች። አሮጊቷ በዚህ ጊዜ አፋቸው ላይ የመጣውን ዋጡት፤ ሰዓቱን ዘግተው መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ጠበቁ።

«የጋሽዬን ክንድ አይቼው ነበር፣ እማማ» አለች ልጅቷ። «ለማን እንደምነግር ጠፋኝ።»

«ንገሪኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። አውቶቡስ የለብኝም።»